«ዪቢልፈናዪል»፦ የአረብኛን ቃል ከንግግር መሃል ለይቶ ለመስማት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ኩዌት በሰው ቤት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ማዳም ከሳሎን ሆና «ዪቢልፈናዪል!» አለችኝ። ወጥ ቤቱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ቃሉን በልቤ ደጋገምኩት። አንድም የማውቀው ነገር የለበትም። ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ ሁለት ወር አረብኛ ተምሬአለሁ፤ መቶ ምናምን ቃል በቃሌ ይዤአለሁ። «ዪቢልፈናዪል» ግን ከነሱ መሃል የለም። በመጨረሻ ራሷ መጥታ ከቁም ሳጥኑ የቡና ሲኒዎቹን አውጥታ ሄደች።

ፍንጃል ነበር የጠየቀችኝ። አያቴ ወሎ ቡና የምትቀዳበት፣ ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፍንጃል።

«ጂቢ» ማለት አምጪ ነው። «አል» የታወቀን ነገር የምታመለክት ቅጥያ ናት፤ እንደኛ «-ው» እና «-ዋ»። «ፈናጂል» ደግሞ ፍንጃሎች። ኩዌቶች በብዙ ቃል ላይ «ጀ»ን «የ» ይሏታል። «አል» ከፊቷ ያለው ቃል ሲውጣት «ል» ብቻ ቀረች። ፍንጃል ሲበዛ ውስጡ ተለወጠ። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ሲመጡ የማውቀው ቃል ጠፋብኝ።

ይህን የምጽፈው ወደ አረብ አገር ለምትሄዱ፣ እዚያ ላላችሁ፣ ወይም አረብኛ ማንበብ ችላችሁ ሰው ሲያወራ ግን ለሚጠፋባችሁ ነው። ቃል መሸምደድ ብቻውን አይበቃም። ጆሮ የሚይዝበትን ቦታ ማወቅ አለበት። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከብዙ ሰው ይልቅ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር ስለ አጻጻፌ። የአረብኛን አጭር «አ» በመጀመሪያው ፊደል (ከ፣ ጀ፣ መ)፣ ረጅሙን በአራተኛው (ካ፣ ጃ፣ ማ) እጽፋለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

1. ጆሯችሁ ምን እንደሚሠራ እወቁ

ብዙዎቻችን ጆሮ ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ከዚያ ትርጉሙን የሚፈልግ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ዊልያም ማርስለን-ዊልሰን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያጠና የቆየው ይህንኑ ነው። አድማጭ የቃሉን መጀመሪያ እንደሰማ፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምሩ የሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ አብረው ይነሣሉ። ድምፁ በቀጠለ ቁጥር የማይስማሙት ይወድቃሉ። አንዱ ብቻ ሲቀር ቃሉ ታወቀ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ተናጋሪው ቃሉን ሳይጨርስ ነው።

በአማርኛ ሞክሩት። «መስ…» ሲባል መስቀል፣ መስኮት፣ መስመር፣ መስክ፣ መስጊድ፣ መስታወት ሁሉም ተነሥተዋል። «መስታ…» ላይ ሲደርስ መስታወት ብቻ ቆሟል። «ወት» እስኪባል የጠበቀ የለም።

አረብኛ ላይ መጠነኛ ልዩነት አለ። መክተብ (ቢሮ)፣ መጥበኽ (ወጥ ቤት)፣ መድረሳ (ትምህርት ቤት)፣ መስጂድ፣ መጅሊስ፣ መጣር (አውሮፕላን ማረፊያ)። በ«መ» የሚጀምረው ቃል ስፍር ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ «መ»ን መስማት ብዙም ነገር አያሳውቅም። ጨዋታው የሚለየው ቀጥሎ በሚመጡት ተነባቢዎች ነው።

ማርስለን-ዊልሰን ሳሚ ቡደላ ከተባለ ተመራማሪ ጋር አረብኛ ተናጋሪዎችን ፈትነዋል። አንድ ቃል አስቀድሞ ሲቀርብ፣ ሥሩን የሚጋራው ሌላ ቃል ሲመጣ ሰዎቹ ፈጥነው ያውቁታል። የሁለቱ ትርጉም ባይገናኝም እንኳ። «ኪታብ» መጽሐፍ ነው፤ «ከቲባ» የጦር ክፍል ነው። ትርጉማቸው ተራራቀ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ከ-ተ-በ። በአረቡ አእምሮ ውስጥ ሁለቱ አንድ በር ያንኳኳሉ ማለት ነው።

ስለዚህ እናንተም እዚያው በር ላይ ቁሙ።

2. አጥንቱን አውጡ

የአረብኛ ቃል አጥንትና ሥጋ አለው። አጥንቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ተነባቢ ነው። ሥጋው አናባቢዎቹ፣ ማጥበቅ ማላላቱና ከፊትና ከኋላ የሚቀጠለው ነው። ከ-ተ-በን ያዙ፦ ከተበ (ጻፈ)፣ ኪታብ (መጽሐፍ)፣ ኩቱብ (መጻሕፍት)፣ ካቲብ (ጸሐፊ)፣ መክቱብ (የተጻፈ)፣ መክተብ (ቢሮ)፣ መክተባ (ቤተ መጻሕፍት)። አናባቢው ይገለባበጣል፤ ከ፣ ተ፣ በ ግን በተራቸው ቆመዋል።

ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ክታብ እንላለን፤ ክትባት እንላለን። ሰ-ገ-ደን ተመልከቱ፦ ሰገደ፣ ስግደት፣ ሰጋጅ፣ መስጊድ። የአረቡ «ሰጀደ» እና «መስጂድ» ያው ናቸው፤ የእኛ «ገ» እነሱ ዘንድ «ጀ» ናት። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ቀተለን፣ ቀደሰን፣ ባረከን አርእስት አድርጎ ግስ ሲያረባ የሚውል ተማሪ፣ አረቦች በፈ-ዐ-ለ (አደረገ) የሚያደርጉትን ነው የሚያደርገው። እነሱም በማንኛውም አጥንት ፋንታ ፈ-ዐ-ለን አስገብተው ቅርጹን «ፋዒል»፣ «መፍዑል» እያሉ ይጠሩታል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። የ20 ሰከንድ የዜና ድምፅ ምረጡ። ዜና የሚነበበው በመደበኛው አረብኛ ስለሆነ ጠርቶ ይሰማል። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ ወረቀት ላይ ተነባቢዎችን ብቻ ጻፉ፤ አናባቢ አትጻፉ፣ ትርጉም አትፈልጉ። «መደርሰ» ቢመስላችሁ መ፣ ደ፣ ረ፣ ሰ ብላችሁ እለፉ። ሦስተኛ ጊዜ የጎደለውን ሙሉ። ከዚያ ከፊት ያለውን «መ» ሰርዙና የቀረውን እዩት፦ ደ-ረ-ሰ። ትምህርትን የሚመለከት ነገር ነው።

ተጠንቀቁ፤ የእኛ «ደረሰ» ሌላ ነው። እነሱ ዘንድ «ደረሰ» ማለት ተማረ፣ አጠና ማለት ነው። የአጥንት መመሳሰል በር ይከፍታል እንጂ ትርጉም አይሰጥም። «ለሕም» ሲሏችሁ ላም አይደለም፤ ሥጋ ነው።

አጥንታቸው የሚሟሽሽ ቃላትም አሉ። መሃላቸው «ወ» ወይም «የ» ያለባቸው ናቸው። ቃለ (አለ)፣ የቁል (ይላል)፣ ቁል (በል)። መሃሉ አንዴ «ኣ»፣ አንዴ «ኡ» ይሆናል። የእኛው ቆመ፣ ይቆማል እንደዚያው ነው፤ እነሱ ቃመ፣ የቁም ይላሉ። እንዲህ ያለውን በሁለቱ ዳር ተነባቢዎች ያዙት።

3. ቅርጾቹን በጆሮ ለምዱ

አጥንቱ ስለምን እንደሚወራ ይነግራችኋል። ማን፣ የት፣ ምን ተደረገ የሚለውን የሚነግራችሁ ቅርጹ ነው። ሰዋስው መጽሐፉ በደርዘን ይቆጥራል። ለጀማሪ አራቱ በቂ ናቸው።

«መፍዐል» ወይም «መፍዒል» ቦታ ነው። መጥበኽ የሚበሰልበት፣ መክተብ የሚጻፍበት፣ መጅሊስ የሚቀመጥበት። የእኛ «መቀመጫ»፣ «መግቢያ» ላይ ያለችው «መ» ታላቅ እህት ናት። «ፋዒል» አድራጊው ነው፦ ካቲብ ጸሐፊ፣ ጣሊብ ተማሪ። «መፍዑል» የተደረገበት ነው፦ መክቱብ የተጻፈ፣ መፍቱሕ የተከፈተ። በሩ ላይ ቆመው «መፍቱሕ» ካሏችሁ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ፈ-ተ-ሐ የኛው ፈታ ነው፣ በግዕዝ ፈትሐ።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍንጃሌን ያጠፋብኝ እሱ ነውና።

አረብኛ ብዙ ስሞችን የሚያበዛው እንደ አማርኛ «-ኦች» ከኋላ ቀጥሎ አይደለም። ውስጡን ገልብጦ ነው። ኪታብ ኩቱብ ይሆናል። ወለድ (ልጅ) አውላድ። በይት (ቤት) ቡዩት። መድረሳ መዳሪስ። ሚፍታሕ (ቁልፍ) መፋቲሕ። ነጠላውን ብቻ የሸመደደ ሰው ብዙውን ሲሰማ ሌላ ቃል ይመስለዋል። ጆሮው የለመደው አናባቢ የለም።

ግዕዝ የቀመሰ አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ያውቃል። መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ድንግል ደናግል፣ ንጉሥ ነገሥት እንላለን። ኮከብ ከዋክብት ይሆናል፤ እነሱም «ከውከብ» ብለው ሲበዛ «ከዋኪብ» ይላሉ። አራት ተነባቢ ያለው ስም ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ይሄ ነው፦ አጭር፣ ረጅም «ኣ»፣ ከዚያ «ኢ»። ከ-ዋ-ኪብ፣ መ-ዳ-ሪስ፣ መ-ፋ-ቲሕ፣ ፈ-ና-ጂል። ይህን ዜማ ጮክ ብላችሁ ሃያ ጊዜ በሉት። አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ፣ አዲስ ቃል እንኳ ቢሆን «ኧ-ኣ-ኢ» ሲል «በዝቷል» ትላላችሁ፤ ከዚያ አጥንቱን አውጥታችሁ ነጠላውን ትፈልጋላችሁ።

4. ከዳርና ከዳር የተለጠፈውን ላጡ

በንግግር መሃል በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ የለም። ባዶ ቦታ ወረቀት ላይ ነው ያለው። «ዓለማየሁ» የሚለውን ስም አስቡ፤ «ዓለም አየሁ» ነው። ቅኔ አዋቂ በዚህ ይጫወታል፤ አንዱን ሐረግ ሲቆርጠው አንድ፣ ሲገጥመው ሌላ ይሆናል። አረቦችም ያውቁበታል። «ዛሂባ» ሂያጅ ናት፤ «ዛ ሂባ» ሲሉት ስጦታ ያለው ይሆናል። ድምፁ አንድ ነው። አድማጭ በወሬው አገባብ ይቆርጠዋል።

ከፊት የምትለጠፈው ዋናዋ «አል» ናት። ሦስት ነገር ትሆናለች።

ከእሷ በፊት ያለው ቃል በአናባቢ ካለቀ የራሷ «አ» ትጠፋለች። ጂቢ + አል + ፈናጂል፣ ጂቢልፈናጂል። ፊ + አል + በይት፣ ፊልበይት። ስለዚህ መሃል ላይ «ል» ከሰማችሁ ቢላዋችሁን እዚያ አሳርፉ።

በምላስ ጫፍ በሚነገሩ ፊደላት ፊት «ል» ራሷ ትሞታለች፤ ቀጣዩ ፊደል ይጠብቃል። ሰ፣ ሸ፣ ዘ፣ ተ፣ ደ፣ ረ፣ ነ፣ ጠ፣ ጸ እና ጥቂት ሌሎች ናቸው። አረቦች 14ቱን «የፀሐይ ፊደላት»፣ የቀሩትን 14 «የጨረቃ ፊደላት» ይሏቸዋል። ፀሐይ «ሸምስ» ናት፤ «አሸምስ» ትባላለች፣ ሸ ጠብቃ። ጨረቃ «ቀመር» ነው፤ «አልቀመር» ይባላል፣ ል ሳይጠፋ። ወጥ ቤት ውስጥ ይህ የዕለት እንጀራ ነው። ዘይት «ዜት» ነው፣ ሲነገር «ኢዜት» ዘ ጠብቃ። ስኳር «ሱከር» ነው፣ ሲነገር «ኢሱከር» ሰ ጠብቃ። ዳቦ ግን «ኢልኹብዝ» ነው። (ኹብዝ እና ኅብስት ዘመዳሞች ናቸው፤ አጥንቱን እዩት።) የጠበቀ ፊደል መጀመሪያ ላይ ከሰማችሁ «አል» እዚያ ውስጥ ተቀብራለች በሉ።

ሦስተኛ፣ ከ«አል» በፊት «ወ» (እና)፣ «ቢ» (በ)፣ «ሊ» (ለ) ይጨመራሉ። «ቢልበይት»፣ «ወልወለድ»። «ቢ» እና «ሊ» የእኛ በ እና ለ ስለሆኑ አይከብዱም። «ወ» ብቻ ቦታዋ ይለያል፤ እኛ «-ና»ን ከኋላ እንለጥፋለን፣ እነሱ ከፊት።

ከኋላ ያለውን በአጭሩ፦ «-ኢ» የእኔ፣ «-ከ» ያንተ፣ «-ሁም» የነሱ። ኪታቢ መጽሐፌ፣ ኪታብሁም መጽሐፋቸው። ለሴት ሲሆን ብዙ ቦታ «-ኪ» ወይም «-ክ» ነው፤ ኩዌት ግን «-ች» ይላሉ። «ሽሎኒች?» ስትለኝ «እንዴት ነሽ?» ማለቷ ነበር። እኛም ብንሆን ያደረግነው ይኸው ነው። በግዕዝ «ቤትኪ» የነበረው ነው ዛሬ «ቤትሽ» የሆነው።

ግብፆች ደግሞ አፍራሹን ከፊትና ከኋላ ያቅፉታል። «ማዐረፍሽ» ማለት አላውቅም ነው፦ ማ-…-ሽ። የእኛ አል-…-ም ነው። መሃሉን ፈልጉ፤ ዐ-ረ-ፈ፣ ማወቅ።

5. ጆሮ የሚዘነጋቸውን ድምፆች ለዩ

እዚህ ጋ ከአማርኛ ይዘን የምንሄደው ሀብትም ጉድለትም አለ። ከሀብቱ ልጀምር።

ማጥበቅና ማላላት የእኛ ነው። ዋና (መዋኘት) እና ዋና (ትልቁ)፣ ገና (ገና ነው) እና ገና (በዓሉ)፣ ፊደላችን ባይለየውም ጆሯችን አይስተውም። አረብኛም እንዲሁ ነው። «ሐማም» ላልቶ እርግብ ነው፤ መ ሲጠብቅ መታጠቢያ ቤት ነው። «ደረሰ» ላልቶ ተማረ፤ ረ ሲጠብቅ አስተማረ። ብዙ የውጭ አገር ተማሪ ይህን ለመስማት ወራት ይፈጅበታል። እናንተ በነፃ አግኝታችሁታል፤ ተጠቀሙበት።

የአናባቢ ርዝመት ደግሞ በአማርኛ ትርጉም አይለውጥም። መደበኛው አረብኛ ሦስት አናባቢ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም። «ጀመል» ግመል ነው፤ «ጀማል» ውበት ነው። መፍትሔው ደጃችን ላይ ነው። የአረብኛ አጭር «አ» ለአማርኛ ጆሮ ብዙ ጊዜ እንደ ግዕዙ ፊደል (ጀ)፣ ረጅሙ እንደ ራብዑ (ጃ) ይሰማል። ስሞቹን አስታውሱ፤ ጀማል፣ ከማል ብለን የምንጽፈው ለዚህ ነው። ርዝመቱን አትቁጠሩ፤ «ጀ ነው ጃ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ዘዴ ከጉሮሮ ፊደላትና ከከባዶቹ ፊደላት (እንደ ጠ፣ ጸ፣ ቀ ካሉት) ጎን ይሰናከላል። «ቀልብ» (ልብ) ብዙ ጊዜ «ቃልብ» ሆኖ ይሰማል፤ አጭር ነው ግን።

ቁርኣን የቀራችሁ እዚህ ላይ ቀድማችኋል። ተጅዊድ (የቁርኣን አቀራር ሥርዓት) የሚያስተምረው አንዱ ነገር መድ፣ ማለትም ረጅሙን አናባቢ በልኩ መሳብ ነው። ቀስ ብሎ የሚቀራ ቃሪ ማዳመጥ ርዝመትን ለጆሮ ለማስለመድ የሚተካከለው የለም። የሰፈር ወሬ ግን በዚያ ፍጥነት አይመጣም።

ጉድለቱ የጉሮሮ ፊደላት ናቸው። ፊደል ገበታችን ላይ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ አሉ። አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ አሉ። ምላሳችን ሁሉንም አንድ አድርጓቸዋል፤ አረቦች ግን ዛሬም ይለያሉ። «አለም» ሕመም ነው፤ «ዐለም» ባንዲራ ነው። «ሀ» ከደረት የሚወጣ ቀላል ትንፋሽ ነው። «ሐ» ጉሮሮ ጠቦ የሚወጣ፣ ሰው መስታወት ሊያጠራ እንደሚተነፍሰው ነው። «ኀ» የአፍን ጣሪያ እየፋቀ ይወጣል፤ ኹብዝ ላይ ያለው እሱ ነው። የእኔ ምክር፦ አዲስ ቃል ስትማሩ በትክክለኛው ፊደል ጻፉት። ሐመሩን ከሃሌታው አታደባልቁ። ሞክሼ ፊደል ይቀነስ ሲባል የሰማ ሰው ይህን ሲሞክር ፊደሎቹ ለምን እንደነበሩ ይገባዋል።

ከባዶቹ ፊደላት ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ጢን» (ጭቃ) እና «ቲን» (በለስ)፣ «ጸይፍ» (በጋ) እና «ሰይፍ»። የአረቡ «ጠ» እንደኛው አይፈነዳም። የእኛን ዓይነት ፍንዳታ እየጠበቃችሁ ከሰማችሁ «ተ» ነው ትላላችሁ። ፍንዳታውን ተዉት፤ ጎኑ ያለውን አናባቢ ስሙ። ከከባድ ፊደል ጎን አናባቢው ወደ ኋላ ይወፍራል፣ አፍ የሞላ ይመስላል። ከቀላሉ ጎን ቀጭንና ወደ ፊት የወጣ ነው። አረቦቹም ራሳቸው ይህን ውፍረት እንደ ምልክት ይጠቀሙበታል።

6. የሄዳችሁበትን አገር ቁልፍ ያዙ

ቤት ውስጥ ማንም እንደ ዜና አንባቢ አያወራም። ደግነቱ ልዩነቱ ዝብርቅርቅ አይደለም፤ ሥርዓት አለው። አንድ ድምፅ ሲለወጥ ብዙ ቃል ላይ አብሮ ይለወጣል። ቁልፉን አንዴ ካወቃችሁ መቶ ቃል በአንድ ቀን ይከፈታል።

«ቀ»ን ተከተሏት። ቡና በመደበኛው «ቀህዋ» ነው። ካይሮና ቤይሩት «አህዋ» ይሆናል። ባሕረ ሰላጤው ላይ «ገህዋ»። እስክሪብቶ «ቀለም» ነው፤ ቤይሩት «አለም» ሲሏችሁ ሕመምም እስክሪብቶም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው አገባቡ ነው።

«ጀ» ካይሮ «ገ» ናት። ኩዌት፣ ኤምሬትስና ኳታር ብዙ ጊዜ «የ» ናት፤ ዶሮ «ደጃጃ» የነበረው «ዲያያ» ይሆናል። «ከ» እዚያው አንዳንድ ቃላት ላይ «ቸ» ትሆናለች፤ ውሻ «ከልብ» የነበረው «ቸልብ»። ሊባኖስ ረጅሙን «ኣ» ወደ «ኤ» ያዘነብላሉ፤ በር «ባብ» የነበረው «ቤብ»።

ቁልፍ የማይከፍታቸው አጫጭር ቃላት አሉ። በየአገሩ ሌላ ናቸው፤ ከሥር አይገኙም፤ በቃል ነው የሚያዙት። «ምን»፦ ኩዌት ሺኑ፣ ሳዑዲ ኤሽ፣ ሊባኖስ ሹ፣ ግብፅ ኤህ። «እፈልጋለሁ»፦ ኩዌት አቢ፣ ሳዑዲ አብጋ፣ ሊባኖስ በዲ (ደ ጠብቆ)። «አሁን»፦ ባሕረ ሰላጤው አልሒን፣ ሊባኖስ ሀለ (ለ ጠብቆ)፣ ግብፅ ዲልወእቲ። ሠላሳ የሚሆኑትን የሄዳችሁበት አገር እነዚህን ቃላት በመጀመሪያው ሳምንት ያዙ። አንድ ደቂቃ ወሬ ውስጥ እየደጋገሙ የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው አንዲት «ብ» እንዳታታልለው። ሊባኖስ «ብሩሕ» ማለት እሄዳለሁ፣ ልማዴ ነው ማለት ነው። ኩዌት አንዲት ሴት «ባሩሕ» ካለች ገና ልትሄድ ነው። ቤይሩት ሠርታ ኩዌት የመጣች ጓደኛዬ «ልወጣ ነው» ያሏትን «ሁልጊዜ እወጣለሁ» እያለች ወር ሙሉ ተቸግራለች።

7. የሳምንቱ ልምምድ

ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ድካም ሳይበዛ፣ በየቀኑ።

ሰኞና ማክሰኞ አጥንት ማውጣት፣ ከላይ እንዳልኩት በዜና። ረቡዕና ሐሙስ የልጆች ካርቱን ስሙ። እንደ ስፔስቱን ያሉ ጣቢያዎች ካርቱኖችን በመደበኛው አረብኛ ያሰማሉ፤ ንግግሩ አጭር ነው፣ ሥዕሉ ያግዛል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሥዕሉን ሳታዩ ስሙ፣ ከዚያ እያያችሁ። ዓርብና ቅዳሜ የምትኖሩበትን አገር ንግግር ስሙ፣ ድራማ ወይም የሬዲዮ ጥሪ። ስልካችሁ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት። ከዚያ በታች አትውረዱ፤ አናባቢው ይለጠጥና አጭሩ ረጅም መስሎ ይታያችኋል። እሁድ ደግሞ የሳምንቱን አሥር ቃላት አጥንት በአንድ በኩል፣ ቅርጻቸውን በሌላ በኩል ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ጆሮ በአፍ ይማራል፤ ያላላችሁትን ቃል መስማት ይከብዳል።

በቤት ሥራ ላይ ላላችሁ ከልቤ የምለው አለኝ። ብዙ አሠሪዎች ለእኛ የሚያወሩት ቆራርጠው ነው። «ኢንቲ ሩሕ» (አንቺ ሂድ)፣ «ማፊ» (የለም)፣ ግሱን ሳያረቡ። ይጠቅማል፣ ሥራ ያሠራል። ግን ያንን ብቻ የለመደ ሰው አምስት ዓመት ኖሮ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሲያወራ ምንም አይሰማም። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ መሄጃ ቀን የሚወራው ግን በዚያ በሙሉው ቋንቋ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ጆሯችሁን ስጧቸው። አያት ካለች ደግሞ አያቲቱን። ቀስ ብላ፣ ደጋግማ፣ ሙሉ አድርጋ ታወራለች። እኔ አረብኛ የሰማሁት ከአያቲቱ ነው።

8. ሲጠፋባችሁ

«ማ ፈሂምት» (አልገባኝም) ብቻ ካላችሁ ሁሉንም እንደገና በዚያው ፍጥነት ይሉታል። ከዚያ ይልቅ የያዛችሁትን አጥንት እንደ ጥያቄ መልሱላቸው። «ፈናዪል?» በሉ። ሰውየው ያንን አንድ ቃል ነጥሎ ይደግመዋል፤ ነጥሎ ሲደግመው ደግሞ ያለ «ል»፣ ያለ ልጣፊ፣ ጠርቶ ይመጣል። «ሽወይ ሽወይ» (ቀስ ቀስ) ቢጨመርበት ማንም አይቀየምም።

ያመለጣችሁ ቃል ላይ አትቁሙ። ጆሮ ያለፈውን ሲያሳድድ የሚመጣው ሦስት ቃል ያልፈዋል። ጣሉትና ቀጥሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ያበራዋል።

አሁን የመጀመሪያ ፈተናችሁን ልስጣችሁ። ያው ትእዛዝ በሦስት ከተማ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ወይም ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፣ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍኑ። «ል» ጋ ቁረጡ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አጥንት አውጡ። አንዳንዱ ከተማ መጨረሻው ላይ በ«ለ» ፋንታ «ነ» ይላል።

ኩዌት፦ ዪቢልፈናዪል።

ቤይሩት፦ ጂቢልፍኔጂን።

ካይሮ፦ ሃቲልፈነጊን።